ሦስት ጆሮ፣ አንድ ስም

ሳምራዊትን ያገኟት እንጨት ለቃሚዎች ናቸው። ረቡዕ ጠዋት ከጎባ በታች፣ ቶጎና ወንዝ ገደል ሥር ነበረች። አንድ ጫማዋ እግሯ ላይ፣ ሌላው ከላይ ቋጥኙ ጫፍ ላይ ቀርቷል። ማተቧ አንገቷ ላይ፣ ቦርሳዋ ክንዷ ላይ ነበር። የጠፋው ስልኳ ብቻ ነው። ሐኪሙ የሞተችው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው ብሎ ጻፈ፤ ከመውደቋ በፊት ግራ ክንዷን ሰው ጨምድዶ ይዟት እንደነበረም ጻፈ። ከዚያ ወዲያ «አንሸራትቷት ነው» የሚል ሰው ካለ ወይ ሞኝ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው።

ኢንስፔክተር ሐመልማል ይህን ፋይል ከያዘች ሠላሳ ስድስተኛ ቀኗ ነው። የሟች እናት ወይዘሮ ወሰንየለሽ ደግሞ ቀን መቁጠር ያውቁበታል።

«ዛሬም እጅሽን እያወዛወዝሽ መጣሽ?» አሏት ገና ከበሩ ሳታልፍ።

«እማማ፣ እየሠራን ነው።»

«እናንተ ትሠራላችሁ፣ እኔ መራራውን እቀምሳለሁ። ስሚኝ፤ ቅዳሜ አርባዋ ነው። ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ይቀመጣል። እኔ ለገደላት ሰው በገዛ እጄ እህል አላቀርብም። ማልቀሱን አልቅሻለሁ። ከማን ጋር እንደማለቅስ ግን ንገሪኝ።»

«ዘይነዲን ታስሯል እኮ።»

«ዘይነዲን!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በዚያ ሚኒባሱ ያመላለሳት ሰው? ዝናብ ሲጥል በጃኬቱ ሸፍኖ እዚህ ደጃፍ ድረስ ያደረሳት? እሱን ያሰረው ሰው ዓይኑን ይታጠብ።»

ያሰረችው ሐመልማል ራሷ ናት።

አጠገባቸው የተቀመጠው ሀይሉ ውኃ ቀድቶ አቀበላቸው። የሳምራዊት እጮኛ ነው፤ ሮቤ በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ጸሐፊ። ጺሙን አሳድጓል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ከቀብሩ ጀምሮ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ የወለዱት ያህል ሆኖላቸዋል። ሐመልማልን እስከ በር ሸኛት።

«ምን ተገኘ?» አላት እንደ ሁልጊዜው።

«እስቲ ያንኑ ቃልህን ድገምልኝ።»

አልተቆጣም። «ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት እሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት ለሥራ ጊኒር ወረድኩ። ረቡዕ መርዶዬን እዚያው ሰማሁ። የፔንሲዮኑን መዝገብ አይታችኋል።»

አይታለች። ሰኞ ገባ፣ ረቡዕ ወጣ፣ ፊርማው ከነጭረቱ።

ዘይነዲን ግን እንዲህ ያለ ንጹሕ ወረቀት የለውም። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ሳምራዊት ሚኒባሱ ውስጥ ስትገባ አምስት ሰው አይቷል። ስትወርድ ያየ የለም። መቀመጫው ላይ ደም ተገኝቷል።

«የበግ ነው አልኳችሁ፣ ወላሂ!» ይላል እስር ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ ጊዜ የተናገረውን። «አዴ ሐመልማል፣ አንቺ የባሌ ልጅ አይደለሽ? የገበያ ቀን ሚኒባስ ላይ ደም የሌለው ማነው? ድልድዩ ጋ አውርደኝ አለች፣ አወረድኳት። ሰው እየጠበቀኝ ነው አለች።»

«ማን?»

«ብጠይቃት እኮ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም ነበር።»

አለቃዋ ኮማንደር አቤሴሎም ፋይሉ ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ እንዲሄድ አዘዋል። የቀራት ያ የጠፋ ስልክ ብቻ ነው። መስመሩ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ሞቷል።

*

«መስመሩ ቢሞት ስልኩ ሞተ ማለት አይደለም» አላት ፊሊጶስ።

ፊሊጶስ ሮቤ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። የአርባ ምንጭ ሰው ነው፤ ሦስት ዓመት ባሌ ኖሮ ብርዱን አልለመደም፣ ቤት ውስጥም ኮፍያውን አያወልቅም። ላፕቶፑን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋና ከኪሱ አውራ ጣት የምታክል ነገር አወጣ፤ ዋይፋይ የምትይዝ የዩኤስቢ አዳፕተር።

«ሲም ካርዱን አውጥቶ የጣለው ሰው ስልኩን አብርቶ ከሆነ፣ ዋይፋዩ አርፎ አይቀመጥም። የሚያውቀውን ቤት እየፈለገ በስም ይጣራል። በተለይ አሮጌ ስልክ። ገብቶበት የነበረውን ቤት ሁሉ ‹አለህ ወይ? አለህ ወይ?› እያለ ይዞራል።»

«ማን ይሰማዋል?»

«ማንም። ይቺ ካልሆነች።»

ሐመልማል ደስ አላላትም። ሰው ሞቶ ዕቃው ሲጣራ መስማት ጥሩ ነገር አይመስላትም። «እሺ፣ አሰማኝ» አለችው።

አዳፕተሯ ግን የምትሰማ አልሆነችም። በተራው አሠራሯ ለራሷ የተላከውን ብቻ ነው የምትቀበለው፤ ያገር ወሬ እንድትሰማ አፏን ዘግቶ ጆሮዋን መክፈት ያስፈልጋል። ፊሊጶስ ትእዛዙን ጻፈ። መብራቷ ብልጭ አለ።

«እሺ አለች» አለ። ቆየት ብሎ፣ «እሺ ትላለች እንጂ አታደርግም።»

«የኮማንደሩ ጸሐፊ ናታ!»

ሳቀ። ላፕቶፑ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ አዳፕተሯን የሚያናግረው ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም የሷ አልነበረም። አውጥቶ ሌላ ጫነ። አሁን ጆሮዋን ከፈተች፤ ግን ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋች። ላፕቶፑ ላይ ኢንተርኔት ማገናኘት ሥራው የሆነ ሌላ ፕሮግራም ነበረ፤ ‹ነይ ላገናኝሽ› እያለ ይጎትታታል። እሱን አስቆመው። ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋች። ያገናኛት ገመድ ረጅም ነበር፣ የሚደርሳት ኃይል አነሰ። አሳጠረላት። እንዲህ እያለ ምሳ ሰዓት አለፈ።

«በቃ፣ አሁን ተስተካክላለች። ግን ምንም የለም፤ አየሩ ዝም ብሏል።»

ሐመልማል መስኮቱን አየች። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ ይሄዳል። «ዝም ያለው አየሩ ነው ወይስ እሷ ናት ያልሰማችው?»

ፊሊጶስ የጻፈውን ትእዛዝ መልሶ አነበበ።

«እኔ ምስክር ሳቆም መጀመሪያ የማውቀውን ነገር እጠይቀዋለሁ» አለችና የራሷን ስልክ አብርታ አጠገቧ አስቀመጠች። «እቺን ትስማ።»

አልሰማችም። ጉዱ ወጣ። አየሩ ውስጥ ብዙ መስመር አለ፤ አዳፕተሯ አንዱ ላይ ተተክላ ቀርታለች። ከመስመር መስመር እየዘለለች እንድታዳምጥ ሲያዛት የሐመልማል ስልክ የሚጠራው ቤት ስም ጥቁሩ ስክሪን ላይ ተጻፈ። ከዚያም የጸሐፊዋ፣ ከዚያም የመንገደኛው።

«ይኸው» አለች ሐመልማል። «አሁን ዝም ስትል አምናታለሁ።»

*

መጀመሪያ የሄዱት ዘይነዲን ቤት ነው። አጥሩ ሥር እንደቆሙ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ። ፊሊጶስ ክርኗን ነካት። አንድ ስልክ የወይዘሮ ወሰንየለሽን ቤት ዋይፋይ በስሙ እየጠራ ነበር።

ከሳምራዊት ስልክ ሌላ ያንን ቤት ማን ይጠራል? ሐመልማል በሩን በርግዳ ገባች።

የዘይነዲን ሚስት ሲምቦ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸውና አልተነሳችም። «ማል ጎና፤ እንግዲህ ምን እናደርጋለን። ባሌን ወስዳችኋል፣ የቀረው ምስሩ ነው። ትወስዱታላችሁ?»

«ስልክ እንፈልጋለን።»

ሲምቦ ከጉያዋ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አውጥታ ወረወረችላት። ፊሊጶስ ዋይፋዩን አጠፋው፤ ስክሪኑ ላይ ጥሪው ቆመ። አበራው፤ ቀጠለ። የሳምራዊት ስልክ አልነበረም።

«ለምንድነው የእማማ ወሰንየለሽን ቤት የሚጠራው?»

«ሳምሪ ናት ያስገባችልኝ። ቤታቸው ስንውል ቪዲዮ እዪበት ብላ» አለች ሲምቦ። «ቢጠራስ? እኔም አፍ ቢኖረኝ እጠራቸው ነበር። ባሌ በልጃቸው ደም ታስሮ በየት ዓይኔ ልግባ? ስልኬ ከኔ ይሻላል፤ አያፍርም።»

መኪናው ውስጥ ሐመልማል ወደ ፊሊጶስ ዞረች። «ስለዚህ ስልክ የሚጠራው የራሱን ቤት ብቻ አይደለም» አለች። «አንድ ጊዜ የገባበትን ሁሉ ነው።»

«ሁሉንም። አዲሶቹ ትንሽ ጨዋ ናቸው፤ ስም የሚጠሩት ዋይፋዩ የተደበቀ ከሆነ ብቻ ነው። የተደበቀው ካልተጠራ አይወጣማ።»

*

ሐሙስ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሐመልማልና ፊሊጶስ በወይዘሮ ወሰንየለሽ ጓዳ ውስጥ ተቀመጡ። የሐመልማል ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የጠፋው ስልክ ሠፈር ውስጥ ካለ፣ ቤቱን ሲጠራ እዚህ ይሰማል። ጉም ከላይ ወርዶ መስኮቱን ደፍኖታል። በግድግዳው ወዲያ ለቅሶ ደራሽ እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ ወንበር ይሳባል።

ስክሪኑ ላይ ስሞች ይወርዳሉ፤ የቢሮ፣ የካፌ፣ የዘመድ ቤት። ሐመልማል እያነበበች ወደ ግድግዳው ታያለች። እዚያ ማዶ ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ኪሳቸው ግን እየተጣራ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ የተመሳቀለ መስመር ወጣ። ስም አይደለም፤ የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ተደባልቆ፣ መኻል መኻሉ ላይ ዘንበል ያለ ጭረት።

«ኧረ ተይ» አለ ፊሊጶስ። «ተበላሸች።»

ነቅሎ ሁለተኛ አዳፕተር ሰካ። ከሌላ ፋብሪካ የወጣች፣ ባለ አንቴና። ያንኑ ውጥንቅጥ አመጣች። ሦስተኛዋን ሰካ። እሷም ያንኑ።

«ዛሬ አይሆንም። ወይ ላፕቶፑ ነው፣ ወይ ብርዱ ነው። እንሂድ።»

«ቁጭ በል» አለች ሐመልማል። «ሦስት ሰው ለየብቻ አስቀምጬ ጠይቄ፣ ሦስቱም አንድ የማይገባ ነገር ቢነግሩኝ፣ አብደዋል ብዬ አልሄድም። እነዚህ ቁራጭ ብረቶች ተገናኝተው አልተማከሩም።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «ይቺን ተመልከት። ‹ኢ አንድ›። ከዚያ ሁለት ጥንድ፣ ደግሞ ‹ኢ አንድ›። ከዚያ ሁለት ጥንድ፣ ደግሞ ‹ኢ አንድ›። የተበላሸ ነገር እንዲህ በሥርዓት ይደጋግማል?»

ፊሊጶስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ ደንቆሮ» አለ ቀስ ብሎ። «አዳፕተሮቹ ጤነኛ ናቸው። ይህ ፊደል ነው፤ የኛው ፊደል። ግዕዝ ሲመጣበት ይህ ፕሮግራም መጻፍ አይችልም፣ በቁጥር ይዘረግፈዋል። እያንዳንዱ ፊደላችን ለማሽኑ ሦስት ጥንድ ነው፣ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ‹ኢ አንድ›። ያገሬን ፊደል ቆሻሻ ነው ብዬ ልጥለው!»

«ንስሐህን ኋላ ግባ። ምን ይላል?»

ወረቀት ላይ አንድ በአንድ መለሰው። ስድስት ፊደል፣ መኻሉ ላይ ክፍተት። ሐመልማል በትከሻው ላይ አነበበች፤ *የሳነቴ ጉም*።

የሳነቴን አምባ ማን አያውቅም? ከጎባ በላይ ነው፤ ጉሙም ይኸው መስኮቱ ላይ ነው። ሆቴል ይሆን? የጉዞ መኪና? ቀና ስትል በግድግዳው ወዲያ ወንበሮች ይነሳሉ፣ ሰው ይሰናበታል። ትንሽ ቆይቶ ያ መስመር ደከመ፣ ጠፋ። የጠራው ስልክ ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

ቤቱ ከሰው ሲጸዳ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ለአርባው የሚሆን ሽምብራ በወንፊት ይዘው ገቡ።

«እማማ፣ የሳነቴ ጉም የሚባል ነገር ያውቃሉ? ቤት፣ ሱቅ…»

ወንፊቱ ከእጃቸው ወደቀ። ሽምብራው ጓዳውን ሞላው።

«ማን ነገረሽ?»

«ምንድነው?»

አሮጊቷ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። «ስድብ ነው። የኔ ስድብ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ያን ማክሰኞ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ልትወጣ ስትል ተቆጣሁ። ‹አንቺ የሳነቴ ጉም! ሳትጠሪ ትገቢያለሽ፣ ሳትሰናበቺ ትወጫለሽ› አልኳት። እሷ ሳቀች። ስልኳን ነካካችና፣ ‹እማዬ፣ ሆትስፖቴን በዚህ ስም አነሳሁት፤ የድሮውን የቢሮ ሰዎች እየሰረቁ አስቸገሩኝ፣ እንዳያዩት ደብቄዋለሁ› አለችኝ። ሆትስፖት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ስድቤን ስሟ አደረገችው ብዬ ተውኳት። ወጣች። አልተመለሰችም።»

«ይህን ስም ሌላ ማን ሰምቷል?»

«እኔና እሷ።»

«ለማንም ነግረዋል?»

«ለልጄ የነገርኳት የመጨረሻ ቃል ስድብ ነው ብዬ ለማን እነግራለሁ?» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

ፊሊጶስና ሐመልማል ተያዩ። ያ ስም ማክሰኞ ጠዋት ተወለደ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሞተ። በዚያች መኻል የሳምራዊት ስልክ አጠገብ ቆሞ፣ የይለፍ ቃሉን ከሷ ተቀብሎ የገባ አንድ ስልክ አለ። ያ ስልክ ዛሬ እዚህ ግድግዳ ማዶ ለቅሶ ተቀምጦ ሲጠራት ዋለ።

«እማማ» አለች ሐመልማል፣ «ነገ እንደ ወትሮዎ ይቀመጡ። ፊትዎ ላይ ግን ምንም አይታይ።»

«ፊቴን ተዪው። እሱ ከሞተ ቆይቷል።»

*

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። መስመሩ ወጣ። ፊሊጶስ ጓዳው ውስጥ የጥሪውን ጉልበት የሚያሳየውን ቁጥር ይመለከታል፤ ስልኩ ሲርቅ ቁጥሩ ይወድቃል። ሐመልማል በሩ ላይ ቆማለች። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ራሴን አሞኛል፣ ዛሬ ቶሎ ተሰናበቱኝ አሉ።

የዕድር ሴቶች ተነሱ፤ ጉልበታቸውን ስመው ወጡ።

«አለ» አለ ፊሊጶስ ከውስጥ፣ በሹክሹክታ።

የድሮው ርእሰ መምህር አቶ ዘመንፈስቅዱስ በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ። ሐመልማል እስከ አጥሩ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።

«አለ።»

ሳምራዊት ቢሮ አብራት የምትሠራው ሠርከአዲስ፣ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ፣ ወጣች። ስልኳ ከእጇ ሳይለይ።

ሐመልማል ጠበቀች።

«አለ» አለ ፊሊጶስ። «እንዲያውም ቀረበ።»

ከወይዘሮ ወሰንየለሽ ሌላ ሳሎኑ ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው። ሀይሉ ውኃ እየቀዳ ነበር።

«እትዬ፣ ሁሉም ሄዱ፤ ጋደም ይበሉ» አላቸው፣ ብርጭቆውን እያቀበለ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ብርጭቆውን አልተቀበሉትም። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ሀይሉ፣ ስልክህን ስጠኝ» አለች ሐመልማል።

«ለምን?»

«እየተጣራ ነው።»

ኪሱን ዳበሰ። «አልጠራም።»

«አንተ አትሰማውም።»

ሳይጨነቅ ሰጣት። ጥሪውን፣ መልእክቱን፣ ፎቶውን ሁሉ አጥፍቷል፤ አንድ ወር ሙሉ ያሰበበት ነገር ነው። ሐመልማል ያንን አልነካችም። ስልኩ የሚያስታውሳቸውን ዋይፋዮች ከፈተች። ከላይ ሦስተኛው በአማርኛ ነበር። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ይህ የማነው?»

«የሳምሪ… የሷ ሆትስፖት ነው። እጮኛዬ አይደለች? ስንገናኝ እገባበት ነበር።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የገባህበት መቼ ነው?»

«እሑድ። እሑድ ነው የተገናኘነው አልኳችሁ እኮ።»

«እሑድ ስሙ ይህ አልነበረም» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። ሀይሉ ወደሳቸው ዞረ፤ በሠላሳ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ማየት አቃተው። ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ በሁለት እጁ ይዞት ቆመ።

«ማክሰኞ ከጊኒር ባገኘኸው መኪና መጣህ፣ በዚያው ቀን ተመለስክ» አለች ሐመልማል። «መዝገቡ ላይ የተኛው ፊርማህ ብቻ ነው። ድልድዩ ጋ የጠበቅካት አንተ ነህ።»

«ላሳያት ነበር» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። «የሠርጉን አዳራሽ ፎቶ። ኢንተርኔት አልነበረኝም፣ ‹ክፈቺልኝ› አልኳት፣ ከፈተችልኝ። ፎቶው እየወረደ ሳለ ቀለበቱን ከጣቷ እያወጣች ነበር። ‹ይሄን ከማየትህ በፊት ልንገርህ› አለች። ክንዷን ያዝኩ። መያዝ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ከዚያ… ስልኳን ወንዙ ውስጥ ጣልኩት።»

«እኔ ዘንድስ ለምን መጣህ?» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ። «ለምን በየቀኑ?»

ውጭ የቆሙት ፖሊሶች ገብተው ሲይዙት ብርጭቆውን ያስጣለው የለም፤ ይዞት ወጣ።

*

ሐመልማል ዘይነዲን እንዲፈታ ስልክ ደውላ ስትጨርስ ወይዘሮ ወሰንየለሽን ጓዳው ውስጥ ከላፕቶፑ ፊት ቆመው አገኘቻቸው። የሀይሉ ስልክ በፖስታ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ገና አልጠፋም።

«ማንበብ አልችልም» አሉ ለፊሊጶስ። «የቱ ነው?»

ፊሊጶስ አሳያቸው። መስመሩ በየጥቂት ሰከንዱ ይታደሳል። ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ትኩስ ነገር እንደሚነኩ ያህል ቶሎ አነሱት።

«ይሄን ሁሉ ቀን እዚህ ቤት ውስጥ፣ እኔ አጠገብ ሲጠራት ነበር?»

«አዎ እማማ።»

«መልስ ሲያጣስ?»

«አይሰለቸውም። መልሶ ይጠራል።»

«ማጥፋት አለብኝ» አለች ሐመልማል። ደንቡ ነው፤ ኤግዚቢት እንደበራ አይታሸግም። ቢሆንም እጇን አልዘረጋችም። ሦስቱም ቆመው ተመለከቱ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ አሮጊቷ አገጫቸውን ነቀነቁ፤ ሐመልማልም ስልኩን አጠፋች። መስመሩ ቆመ።

«አሁንስ ማን ይጠራታል?»

«ማንም» አለ ፊሊጶስ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ግቢው ውስጥ ከጉሙ የተነሳ አጥሩ አይታይም ነበር። ልጅ ከጎረቤት ቤት ለእራት እንደሚጠራ፣ ሳያለቅሱ፣ ድምፃቸውን ዘለግ አድርገው ወደ ወንዙ በኩል ተጣሩ።

«ሳምሪ!»

በሩ ላይ የቆመችው ሐመልማል፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ሆኖባት አያውቅም፤ «አቤት» የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ ደርሶ ተመለሰ።